አሥራ ዘጠነኛው ችካል

ላንድሮቨሯ የየካ ሚካኤልን ቅጥር በግራ ትታ ዳገቱን ስትያያዘው፣ ወንድይራድ በአንድ እጁ ባርኔጣውን፣ በሌላው የማዕዘን መለኪያውን የቴዎዶላይቱን ሣጥን ጨምቆ ይዞ ነበር። ሾፌሩ አብዱልናስር በየጉድጓዱ «ቢስሚላህ!» ይላል። ከኋላ ጃሎን ከሚባሉት የቅየሳ ዘንጎች ጋር የተጫነው አካሉ ደግሞ በየጉድጓዱ «ኧረ በሚካኤል!» ይላል። መኪናዋ የሁለቱንም ጸሎት ሰምታ ይሁን ወይ የራሷ ጉልበት በርትቶ፣ ሳትገለበጥ ወጣች።

ዘመኑ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ አንድ፣ ወሩ ግንቦት ማለቂያ፣ ቀኑ ሐሙስ ነው። በማግስቱ ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት የፕላን ክፍሉ ሹም ቀኛዝማች ፍሥሐ፣ ከባሕር ማዶ የመጣውን የከተማ ፕላን ሊቅ ይዘው፣ ወንድይራድ የቀየሰውን መንገድ ሊያዩ ይመጣሉ። ከፈረሙ ቡልዶዘሩ ሰኞ ይገባል። ካልፈረሙ የሚሆነውን ቀኛዝማች አስቀድመው ነግረውታል።

«ስማ ወንድይራድ» ብለውታል ከዘራቸውን ወለሉ ላይ ተክለው፣ «መስመርህ ከወረቀቱ አንድ ክንድ ቢስት ተመልሰህ መዝገብ ቤት ነው። አቧራው ናፍቆህ እንደሆነ ከአሁኑ ንገረኝ።»

አቧራው አልናፈቀውም። አራት ዓመት ሙሉ በዚያ መዝገብ ቤት ፋይል ሲያገላብጥ ኖሮ፣ ማታ ማታ ቅየሳ ተምሮ፣ በሃያ ስምንት ዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ለብቻው የተሰጠው መስመር ይህ ነበር፤ ከየካ ግርጌ ተነሥቶ በኮረብታው ወገብ ወደ ኮተቤ የሚያቀና ሁለት ኪሎ ሜትር መንገድ። አርባ አንድ ችካል፣ በየሃምሳ ሜትሩ አንድ፣ ቁጥሩ በቀይ ቀለም ተጽፎበት። ሦስት ሳምንት ፈጅቶ ተክሎ ሲጨርስ ቆሞ ያየውና እንደ ክር የተወጠረ መስሎት እንባው መጥቶ ነበር። ለነገሩ የቀያሽ እንባ ከነፋስ ይሁን ከደስታ ማን ይለየዋል።

ፕላኑን ማየት ነበር! በመሥሪያ ቤቱ አዳራሽ ግድግዳውን ሞልቶ ተሰቅሏል። ወንድይራድ ጠዋት ጠዋት ሌላው ሳይገባ ፊቱ ቆሞ ይመለከተዋል። አዲስ አበባ እስከዚያ ዘመን ያደገችው መኳንንቱ ድንኳን በተከሉበት ነው። አንድ ደጃዝማች ጉብታ ላይ ይሰፍራል፤ ወታደሩ፣ ፈረሰኛው፣ ጠጅ ጣዩ ዙሪያውን ይሰፍራል፤ ሰፈሩም በጌታው ስም ይጠራል። በሰፈርና በሰፈር መሐል ወንዝና ገደል ይቀራል። ሐኪም የሚፈልግ፣ ወረቀት የሚያስፈርም፣ ገበያ የሚወጣ ሁሉ ግን ወደ አንድ ቦታ ይጎርፋል። አዲሱ ፕላን ይህን ገልብጦታል። ከተማዋ በአንድ እምብርት ላይ ከምትጨናነቅ በየአቅጣጫው ትከፋፈል፤ እያንዳንዱ ሰፈር የራሱ ትምህርት ቤት፣ የራሱ ገበያ፣ የራሱ ክሊኒክ ይኑረው፤ ወንዞቹ በአረንጓዴ ቀለም ይከበሩ፤ ሰፈሮቹን ደግሞ መንገድ እንደ መቁጠሪያ ክር ያያይዛቸው ይላል። የወንድይራድ ሁለት ኪሎ ሜትር ከዚያ መቁጠሪያ አንዷ ክር ናት። ሰው እንዲህ ያለ ነገር በወረቀት ላይ ማሰቡ በራሱ ያስደንቀው ነበር፤ እውነትም ያስደንቃል።

እንግዲህ በዚያ ሐሙስ የመጣው ለመጨረሻ ጊዜ ሊያረጋግጥ ነው። ቴዎዶላይቱን አንደኛው ችካል ላይ ተክሎ፣ አካሉን ጃሎን አስይዞ ወደ ሁለተኛው ላከው። አካሉ አርባ አምስት ዓመት ያለፈው፣ በመሥሪያ ቤቱ ከጃሎን ያዦች ሁሉ አንጋፋው ነው። አባቱ ቀላድ ጣይ ነበሩ፤ በገመድ መሬት እየለኩ አገር ያካለሉ ሰው።

ወንድይራድ በመነጽሩ አጮለቀ። አካሉ የለም።

«ወደ ቀኝ፣ ጋሽ አካሉ!»

«የት ወደ ቀኝ?»

«ወደ ቀኝ ነው የምልህ! አሥር እርምጃ ስተሃል!»

«አቶ ወንድይራድ፣ እኔ የቆምኩት ችካሉ ላይ ነው! ሁለት ቁጥር ተጽፎበታል! እርስዎ ነዎት የሳቱት!»

ወንድይራድ መሣሪያውን ትቶ ሮጠ። ችካሉ እውነትም ቆሟል፤ ደህና ተደርጎ ተተክሎ፣ ግርጌው በድንጋይ ተደግፎ፣ ቁጥሩ ወደ ውጭ ዞሮ። ቦታው ብቻ ልክ አይደለም። ሦስተኛውም እንዲሁ። አራተኛው ጭራሽ ከመስመሩ ሃያ ሜትር ወርዶ የባሕር ዛፍ ጥላ ሥር ነው ያለው። እንደ ክር የተወጠረው መስመር እንደ ጠዋት እባብ ተጠማዝዟል። አሥራ ስምንት ላይ ሲደርሱ ቀጥሎ ያለው ሃያ ሆነ። አሥራ ዘጠነኛው የለም።

«ማን ነው ይህን ያደረገው?» ብሎ ጮኸ ወንድይራድ። «የመንግሥት ችካል ነቅሎ የወሰደ በሰንሰለት ነው የሚታሰረው! በሰንሰለት!»

ድምፁን ኮረብታው መልሶ አስተጋባለት። በቁልቁለቱ ደግሞ የሚሰሙ ጆሮዎች ነበሩ፤ ከእንጦጦ ወገብ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱ አምስት ሴቶች፣ ከሸክማቸው በታች ጎንበስ ብለው፣ ዓይናቸው ከፊታቸው ካለው አንድ እርምጃ በላይ የማያይ። ከፊት ያለችው ሴት ስትቆም ሌሎቹም ቆሙ። ከመንገዱ ዳር ወደ ነበረ የአፈር መደብ ተጠግታ፣ ሸክሟን ማንም ሳያግዛት አስደግፋ አሳረፈች፤ ከዚያ ከመጫኛው ወጣችና ቀና አለች። ሃምሳ ዓመት ይሆናታል። ፊቷ ጠይም፣ ረጋ ያለ ነው።

«ጌታዬ፣ አይቆጡ። እኔ ነኝ» አለች።

«አንቺ ማነሽ?»

«ዲንቄ በዳዳ እባላለሁ። ከዚች ምንጭ አጠገብ ነው ቤቴ።»

«ለምን ነቀልሽው? ማገዶ አማረሽ?»

ዲንቄ በዚህ ቅር ተሰኘች። «የመንግሥት እንጨት ለማገዶ! እኔ? ዋቅ ይከልከለኝ። አንድም አላነደድኩም። መንገዳችን መሐል ተተክሎ ነበርኮ፣ ጌታዬ። እኛ ሸክም ላይ ስንሆን ወደ ላይ አናይም። የባልንጀራዬ እግር ተጠልፎ ከነሸክሟ ወደቀች። ስለዚህ ‹የሹም ነገር ነው፣ አይጣልም፤ ግን መንገድ ላይም አይሆንም› ብለን፣ ወንድሙ ከወንድሙ እንዳይለይ የዘጋንንም ያልዘጋንንም እያነሣን መንገዳችን ዳር ዳር በክብር ተከልነው። ድንጋይም ደገፍንለት።»

አካሉ ሳቁን ሊውጠው ሞክሮ አቃተው። ወንድይራድ ግን ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ይዞ መደቡ ላይ ተቀመጠ። ሦስት ሳምንት! አርባ አንድ ችካል በክብር ተነቅሎ!

«አሥራ ዘጠነኛውስ?» አለ አካሉ።

ዲንቄ ወንድይራድን አየችው፤ «ሰንሰለት» ብሎ የጮኸውን አፍ አየችው። «እሱን አላውቅም» አለች ቀስ ብላ።

ሰዓቱ ወደ አምስት ይጠጋል። አሁኑኑ ቢጀምሩ፣ ምሳም ባይበሉ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሁሉንም ወደ ቦታው መመለስ ይችላሉ። አካሉ መዶሻውን አንሥቶ ቆመ። «እንመልስ?»

ወንድይራድ ሊመልስለት ቀና ሲል ዓይኑ ሴቲቱ በመጣችበት መንገድ ላይ ዐረፈ። ያን ሁሉ ሸክም ይዛ ወርዳ አላለከተችም። እሱ ባዶ እጁን ሮጦ ገና ትንፋሹ አልተመለሰም። በቀኝ በኩል የእሱ ቀጥ ያለ መስመር ሽቅብ ተሰቅሏል፤ በግራ የሴቶቹ መንገድ ኮረብታውን እያባበለ ይወጣል።

«ያነሣሽውን ችካል የተከልሽው ሁልጊዜ በምትሄጂበት በኩል ብቻ ነው?» ሲል ጠየቃት።

«እኔም፣ እናቴም፣ የእናቴም እናት በሄደችበት።»

«እዚህ ጋ ለምን ዞራችሁ? ቀጥ ብሎ ይወጣ አልነበረም?»

«ቀጥ ብሎ ለፍየል ነው» አለች ዲንቄ። «እዚያ በነሐሴ ውሃ ይወርዳል። አሁን ደረቅ ነው ብለው እንዳይታለሉ። ያችን ድንጋይ ይዩዋት፤ ከላይ ነው የመጣችው፣ ውሃው አንከባሎ አምጥቷት።» ድንጋዩ የላንድሮቨሯን ሞተር ያክላል።

ወንድይራድ ተነሣ። «ጋሽ አካሉ፣ መዶሻውን አስቀምጥ። የከፍታ መለኪያውን ሌቭል ከመኪናው አውርድ።»

«ምን ልናደርግ?»

«እንለካዋለን።»

አካሉ አንድ አፍታ አየውና ደስ ብሎት ሮጠ። ከዓመታት በፊት አባቱ ያሉትን አስታውሶ ነበር፤ የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ።

ለኩ። ዲንቄ ሸክሟን ለባልንጀሮቿ አደራ ብላ ከፊት ከፊት እየሄደች፣ በየችካሉ ቆማ ምክንያቱን ትናገራለች። ሰባተኛው እዚህ የሆነው በቀድሞው ቦታ አፈሩ ጥቁር ስለሆነና በክረምት እስከ ጉልበት ስለሚውጥ ነው። አሥራ ሦስተኛው ወደ ላይ የወጣው ምንጯንና አሥራ ሰባቱን ጎጆ ለማለፍ ነው። ወንድይራድ እዚህ ሲደርስ ወረቀቱን አውጥቶ አየ። በወረቀቱ ላይ ያ ቦታ «ደን» ተብሏል። ካርታው የተነሣው ከሰማይ ነው፤ ጎጆዎቹ ከባሕር ዛፉ ሥር ናቸው፤ ከአውሮፕላን ሲያዩት ጣሪያ አይታይ፣ ጭስ አይታይ። እሱ ራሱ ችካል ሲተክል ጎጆዎቹን አይቶ ነበር፤ ግን ወረቀቱ «ደን» ስላለ ወረቀቱን አምኖ አለፈ። ይህን ለራሱ ሲነግረው አፈረ፤ እፍረቱም ትክክል ነበር።

ቁጥሩ ሲሰላ ወንድይራድ ሦስት ጊዜ ደግሞ አሰበው። ቀጥተኛው መስመር በአንድ ቦታ በመቶ ሜትር አሥራ ሦስት ሜትር ሽቅብ ይወጣል፤ ፕላኑ የሚፈቅደው ሰባት ነው። እሱም ያንን አፈር በመቁረጥና በመሙላት እናስተካክለዋለን ብሎ ነበር የጻፈው። የሴቶቹ መንገድ በሁለት መቶ አርባ ሜትር ይረዝማል እንጂ፣ በየትም ቦታ ከመቶው ስድስት አያልፍም። የትም! መሣሪያ ያልያዘ ሰው፣ በጀርባው በተሸከመው ክብደት ብቻ ለክቶ፣ ስድስት ከመቶን አግኝቷል።

የማረፊያዎቹ ነገር ደግሞ የባሰ አስደነቀው። ሴቶቹ ያለ ረዳት ሸክም አሳርፈው ያለ ረዳት የሚነሡባቸው የወገብ ቁመት ያላቸው መደቦች ሦስት ናቸው፤ በየሰባት መቶ ሜትሩ። በአንደኛው አጠገብ አንዲት ሴት ቆሎና ውሃ ትሸጣለች። በሁለተኛው አንድ ልብስ ሰፊ የስፌት መኪናውን ዛፍ ሥር አውጥቷል። በሦስተኛው ሦስት ጎጆና አንድ ጠላ ቤት በቅለዋል። ወንድይራድ ፕላኑን ዘረጋ። በዚያው መስመር ላይ የሰፈር ማእከል ይሁኑ የተባሉ ሦስት ክቦች አሉ፤ ሁለቱ ከማረፊያዎቹ አንድ ድንጋይ ውርወራ ላይ ሲሆኑ፣ ሦስተኛው ገደል ውስጥ ነው።

«ሊቁ ባሕር ማዶ ሆኖ ያሰበውን» አለ ለአካሉ፣ «እነዚህ እዚህ ሆነው በጀርባቸው አውቀውታል። ሰው ሸክሙን በሚያወርድበት ነው ከተማ የሚጀምረው።»

«ነገ ይህንን ለቀኛዝማች ይነግሯቸዋል?»

«እነግራቸዋለሁ።»

«መዝገብ ቤትስ?»

ወንድይራድ እርሳሱን መቅረጽ ጀመረ። ፀሐይ ወደ ወጨጫ ተራራ አጋድላ ነበር። በመኪናዋ ግንባር ላይ ወረቀቱን ዘርግቶ አዲሱን መስመር በቀይ እርሳስ አሰመረ፤ በአሥራ ስምንትና በሃያ መካከል ግን ነጠብጣብ አደረገ። «እማማ ዲንቄ፣ በጣም አመሰግንዎታለሁ» አለ ሲለያዩ። ጠዋት «አንቺ» ያላትን ማታ «እርስዎ» ሲላት አካሉ ሰማ።

ዓርብ በሦስት ሰዓት ቀኛዝማች ፍሥሐ ጥቁር ካባቸውን ደርበው፣ ከዘራቸውን ይዘው ከጂፕ ወረዱ። ረጅሙ ሊቅ ፊቱ በፀሐይ ቀልቶ፣ ካርታውን በብብቱ ይዞ ተከተላቸው። ቀኛዝማች ችካሎቹን በዓይናቸው ተከተሉና ጺማቸው ተንቀጠቀጠ።

«ይህ ምንድን ነው? መስመር ነው ወይስ ሰክሮ የገባ ሰው ዱካ?»

«ክቡርነትዎ» አለ ወንድይራድ፣ «ከመቆጣትዎ በፊት አንድ ነገር ልለምን። በወረቀቱ መስመር እንውጣ፤ በችካሉ መስመር እንውረድ። ከዚያ የፈለጉትን ይፍረዱብኝ።»

ቀኛዝማች ወኔያቸውን የተጠራጠረባቸው መሰላቸው። «በአምስቱ ዓመት ከዚህ የባሰ ገደል ወጥቻለሁ!» ብለው ቀደሙ። ሁለት መቶ ሜትር ያህል ጥሩ ሄዱ። ከዚያ ከዘራው ከሰውየው መቅደም ጀመረ። በደረቁ ቦይ ትልቁ ድንጋይ ዘንድ ሲደርሱ ካባቸውን አውልቀው ለአብዱልናስር ሰጡ፤ ከምንጩ በላይ፣ ከአሥራ ሰባቱ ጎጆዎች መሐል፣ ሕፃናት ከበዋቸው ቆሙ።

«እነዚህ ቤቶች ከየት መጡ?»

«ከመስመሩ በፊት ነበሩ፣ ክቡርነትዎ። ካርታው ነው ያላያቸው። እኔ ግን አይቻቸው ነበር፤ ጥፋቱ የኔ ነው።»

ቀኛዝማች ጎጆዎቹን በከዘራቸው ጫፍ ቆጠሩ። በሴቶቹ መንገድ ሲመለሱ ግን ስለ ዘንድሮ ዝናም ማውራት ጀመሩ፤ ከዚያ ስለ በቅሏቸው፤ ታች ደርሰው ወሬያቸው ሳያልቅ ቆሙና ወደ ላይ አዩ። ትንፋሻቸው እንዳለ ነው። ሊቁም ቆሞ የወንድይራድን ቁጥሮች አንብቦ ሲጨርስ፣ አንድ ነገር ተናገረ። ወንድይራድ እየቀላ ተረጎመው፦ «በሃያ ዓመት ሥራዬ ዳገትን እንዲህ የገባው ቀያሽ አላየሁም ይላል።»

«እውነቱን ነው!» አሉ ቀኛዝማች። «የዚህ ዓይነት ሰውማ መዝገብ ቤት አይገባም፤ ባሕር ማዶ ሄዶ ይማራል እንጂ። እኔ ራሴ እጽፍልሃለሁ። ሐሳቡ ያንተ ነው?»

አካሉ ወደ መሬት አየ። አብዱልናስር ወደ ሰማይ አየ። «አዎ» የምትለው ቃል ከወንድይራድ ምላስ ጫፍ ላይ ነበረች፤ ጣፋጭ፣ ትንሽ፣ ማንም የማይጎዳባት። ያን ጊዜ ከላይ ሴቶቹ በሸክም ሲወርዱ አየ።

«አይደለም፣ ክቡርነትዎ። እኔ ለካሁት እንጂ አልቀየስኩትም። የቀየሱት እኚያ ከፊት ያሉት እማማ ዲንቄ በዳዳ ናቸው።» የሆነውንም ከነንቀላው ሳይሸሽግ ነገራቸው።

ቀኛዝማች ወደ ሴቶቹ ዞሩ። ዲንቄ ደርሳ ሸክሟን መደቡ ላይ አስደገፈች። በዚህ መካከል ሊቁ በጣቱ ነጠብጣቡን ነካ አድርጎ ጠየቀ።

«እዚህ ጋ ለምን ክፍት ሆነ ይላል» አለ ወንድይራድ። «አንድ ችካል ጠፍቶብናል። እውነቱን ለመናገር፣ ያን ቦታ እኔም አላወቅኩትም።»

ዲንቄ ወደ ወንድይራድ ቀረበች። «ልጄ፣ ያ ሰንሰለት ያሉት ነገር አሁንም አለ?»

«ሰንሰለት? የለም! የለም እማማ። በንዴት ነው የተናገርኩት፤ ይቅር ይበሉኝ።»

ሄደች። ብዙም አልቆየች። ስትመለስ በነጠላዋ የተጠቀለለ ነገር ይዛለች። ፈታችው፤ አሥራ ዘጠኝ፣ በቀይ ቀለም፣ አፈሩ ተጠርጎ።

«ሰርቄው አይደለም» አለች። «የት እንደምተክለው ቸግሮኝ ነው። እዚያ ጋ መንገዳችን ሁለት ነው። በበጋ በታች እንሄዳለን፣ ያጥራል። በክረምት በላይ እንሄዳለን፣ ታችኛውን ውሃ ይወስደዋል። እና ባለቤቱ ሲመጣ እጠይቀዋለሁ ብዬ አስቀመጥኩት። እንግዲህ ልጠይቅዎ፤ ይህ መንገዳችሁ የበጋ ነው፣ የክረምት?»

ወንድይራድ ተረጎመው። ሊቁ ባርኔጣውን አወለቀ። አራት ወር ሙሉ በሦስት መሥሪያ ቤት ሲሰበሰብ፣ ስለ ስፋቱና ስለ ዋጋው ብዙ ተከራክሯል፤ ይህን የጠየቀው ሰው ግን አልነበረም።

«የሁለቱም ነው» አሉ ቀኛዝማች፣ በዝቅተኛ ድምፅ። «ለልጅ ልጅ የሚሠራ ነው፣ እመቤቴ።»

«እንግዲያው በላይ ነው» አለች ዲንቄ።

ወጡ፤ ሁሉም። ዲንቄ ከፊት፣ ቀኛዝማች ቀጥለው። ቦታውን በእግሯ ጣት አሳየቻቸው። አካሉ መዶሻውን ሲያነሣ ችካሉን የሚይዝለት ሰው ፈለገ፤ ቀኛዝማች ፍሥሐ ከዘራቸውን ለሊቁ አቀብለው፣ ጎንበስ ብለው፣ ችካሉን በሁለት እጃቸው ያዙ። አካሉ መዶሻ ይዞ ባሳለፈው ዕድሜ እንደዚያ ቀን ተጠንቅቆ መትቶ አያውቅም።

ከዚያ ቀኛዝማች በወንድይራድ ትከሻ ላይ ወረቀቱን ዘርግተው ፈረሙ። «ቀያሽ» ከሚለው ቃል ፊት ክፍት ቦታ አለ። ቀኛዝማች ብዕሩን አቀበሉት። «የሺህ ፍልጥ ማሰሪያው ልጥ ነው። እውነቱን ጻፍ።» ወንድይራድ «ዲንቄ በዳዳ» ብሎ ጻፈ፤ ከሥሩም ትንሽ አድርጎ፣ «ለካ፦ ወንድይራድ»።

«የባሕር ማዶው ደብዳቤ» አሉ ቀኛዝማች ብዕሩን እየተቀበሉ፣ «አሁንም እጽፈዋለሁ። ያየውን የሚናገር ቀያሽ እንደ ልብ አይገኝም።»

ዲንቄ የተጻፈውን አላነበበችም፤ ማንበብ አትችልም ነበር። ፀሐይዋ እየበረታች፣ ገበያውም እየረፈደባት ስለነበር ወደ መደቡ ወረደች፤ ጀርባዋን ሰጥታ መጫኛውን ያዘችና ማንም ሳያግዛት ተነሣች። ከዚያ በችካሎቹ ዳር ዳር፣ ጎንበስ እንዳለች፣ ወደ ከተማው ወረደች። አንድም ጊዜ ቀና ብላ አላየችም፤ ለሷ መንገዱ ድሮም አልጠፋም።